ምጥጥን ምን ይናገራል? የከዋክብትን ንጥረ ነገሮች ከሎጎ ሐይቅ ዳር ማንበብ

(በሐይቅ ከተማ ለተማሪዎችና ለመምህራን የቀረበ የሕዝብ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች ጥቂት ተስተካክሏል።)



የዛሬው ንግግሬ ቀላል ስለሚመስል አንድ የሒሳብ ነገር ነው፤ ስለ ምጥጥን። ምጥጥን አንዱን መጠን ለሌላው ማካፈል ነው፤ ከዚያ በላይ ምሥጢር የለውም። የሥነ ፈለክ ተመራማሪዎች ግን በዚህች ማካፈል ላይ ትልቅ ሕንጻ ገንብተዋል። አንድ ኮከብ በምን ዘመንና በምን ዓይነት ስፍራ እንደ ተወለደ፣ አንድ ጋላክሲ ከዋክብቱን በጥድፊያ ይሁን በዝግታ እንደ ፈጠረ የሚነግሩን በአመዛኙ በብርሃን ውስጥ ካነበቡት የንጥረ ነገሮች ምጥጥን ተነሥተው ነው። ጥያቄዬ ምጥጥን በራሱ ይህን ሁሉ ሊናገር ይችላልን የሚል ነው። መልሴን ከወዲሁ ልናገር፤ አይችልም። ምጥጥን የሚናገረው የገንዳውን ጠባይ ለሚያውቅ ሰው ነው፤ ምን እንደ ገባበት፣ ምን እንደ ወጣበት፣ ምንስ ወደ ታች እንደ ዘቀጠበት ለሚያውቅ። ይህን ለማስረዳት ደግሞ እዚሁ አጠገባችን ያለው ሐይቅ ከብዙ የመማሪያ መጻሕፍት ይሻለኛል።

በመጀመሪያ ምጥጥን ለምን አስፈለገ? በዚህ አገር ስለ አምባሰል ስናነሣ ተራራውን ብቻ ሳይሆን ቅኝቱንም እናነሣለን። ክራር የሚመታ ሰው አውታሮቹን ለድምፁ እንደሚመች ከፍ ወይም ዝቅ አድርጎ ሊያጠብቃቸው ይችላል፤ ቅኝቱ ግን አምባሰል መሆኑ አይቀርም። አምባሰልን አምባሰል ያሰኘው የአንዱ አውታር ንዝረት ብቻውን ሳይሆን አንዱ ከሌላው ጋር ያለው ምጥጥን ነውና። በከዋክብትም ዘንድ እንዲሁ ነው። አንድ ኮከብ ትልቅ ይሁን ትንሽ፣ ቅርብ ይሁን ሩቅ፣ በውስጡ ያለው ኦክስጅን ለብረት ያለው ምጥጥን በመጠኑና በርቀቱ አይለወጥም።

መነሻችን ፀሐይ ናት። በፀሐይ ውጫዊ ክፍል ለአንድ የብረት አቶም 30,000 ያህል የሃይድሮጅን አቶሞች ይገኛሉ። ለአንድ የኦክስጅን አቶም ደግሞ 2,000 ያህል ናቸው። እንግዲህ በአቶም ቁጥር ኦክስጅን ከብረት 15 እጥፍ ያህል ይበልጣል። የሌላውን ኮከብ ምጥጥን ለዚህ የፀሐይ ምጥጥን እናካፍልና ውጤቱን በሎጋሪዝም እንጽፈዋለን። ዜሮ ማለት ልክ እንደ ፀሐይ፣ 0.3 ማለት የፀሐይን 2 እጥፍ፣ 1 ሲቀነስ ማለት የፀሐይ አንድ አሥረኛ ነው። ልብ በሉ፤ ይህ የምጥጥን ምጥጥን ነው። በሁለተኛው ታህት ላይ የተቀመጠችው ፀሐይ ናት፤ ስለ እርሷ ያለን ዕውቀት በተናጋ ቁጥር በሰማይ ያለው የኮከብ ቁጥር ሁሉ አብሮ ይናጋል። ነገሩም በተግባር ደርሷል። ከ2000ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ የፀሐይ ከባቢ በሦስት አቅጣጫ በሚንቀሳቀስ ሞዴል ሲሰላ የፀሐይ ኦክስጅን ቀድሞ ይታመንበት ከነበረው በሦስተኛ ያህል ዝቅ ብሎ ተገኘ። ክርክሩ እስከ ዛሬ አልተቋጨም።

ንጥረ ነገሮቹን የምናነብበው በስፔክትረም ላይ ከሚታዩት ጥቋቁር መስመሮች ነው። ብዙ ተማሪዎች እዚህ ላይ ይሳሳታሉ፤ የጎላ መስመር ያለው ንጥረ ነገር የበዛ ይመስላቸዋል። በፀሐይ ብርሃን ውስጥ የካልሲየምና የብረት መስመሮች እጅግ ጎልተው ስለሚታዩ በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የነበሩ ሊቃውንት ፀሐይ በአመዛኙ እንደ ምድር ካለ ቁስ የተሠራች ትመስላቸው ነበር። ሴሲሊያ ፔይን በ1925 እ.ኤ.አ. በዶክትሬት ጽሑፏ ውስጥ የመስመሩ ጉልህነት ከብዛት ይልቅ በአመዛኙ በሙቀት እንደሚወሰን አሳየች፤ ሙቀቱ ሲታረም ሃይድሮጅን ከብረት መሰሎቹ ሁሉ እጅግ የሚልቅ ሆኖ ተገኘ። የዘመኑ ታላቅ ሊቅ ሄንሪ ኖሪስ ራስል ውጤቱ ሊሆን አይችልም ብሎ መከራት፤ እርሷም በጽሑፏ ላይ ጥርጣሬ ጨመረችበት። ከአራት ዓመት በኋላ ራሱ ራስል በሌላ መንገድ እዚያው ደረሰ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። ኦክስጅን፣ ማግኒዝየም፣ ሲሊከንና ካልሲየም በብዛት የሚመጡት ከፀሐይ ከ8 እጥፍ በላይ መጠነ ቁስ ካላቸው ግዙፍ ከዋክብት ነው። እነዚህ ዕድሜያቸው አጭር ነው፤ በጥቂት ሚሊዮን ወይም ቢበዛ በጥቂት አሥር ሚሊዮኖች ዓመታት ውስጥ ውስጣቸው ወድቆ ይፈነዳሉ። ብረትንም ጥቂት ይሰጣሉ። ዋነኛው የብረት ምንጭ ግን ሌላ ነው። እንደ ፀሐይ ያሉ መካከለኛ ከዋክብት ሲያረጁ ነጭ ድንክ የሚባል ትርፍ ይተዋሉ፤ ይህ ድንክ ጥንድ ካለው አንዳንዴ ይፈነዳል፤ ፍንዳታውም ዓይነት አንድ ሀ ሱፐርኖቫ ይባላል። አንዱ ፍንዳታ የፀሐይን መጠነ ቁስ ከግማሽ በላይ የሚያህል ብረት ይረጫል። ነገር ግን ጊዜ ይፈልጋል፤ ከጥቂት አሥር ሚሊዮን ዓመት እስከ ብዙ ቢሊዮን ዓመት።

እነሆ ሁለት ሰዓቶች፤ አንዱ ፈጣን፣ አንዱ ዘገምተኛ። በጋላክሲ የልጅነት ዘመን የሚሠራው ፈጣኑ ብቻ ነው፤ በዚያን ጊዜ የተወለዱ ከዋክብት ማግኒዝየማቸው ለብረት ያለው ምጥጥን ከፀሐይ 2 እጥፍ ወይም 2 እጥፍ ተኩል ይሆናል። ዘገምተኛው ሰዓት መምታት ሲጀምር ብረት በብዛት ይገባና ምጥጥኑ ይወርዳል። ምጥጥኑን በብረት መጠን አንጻር በሥዕል ስናሰፍረው መስመሩ መጀመሪያ ሜዳ ይሆንና በአንድ ቦታ ታጥፎ ቁልቁል ይወርዳል፤ ያችን እጥፋት «ጉልበት» ይሏታል። ቢያትሪስ ቲንስሊ ምክንያቱን በ1979 እ.ኤ.አ. በከዋክብት ዕድሜ ልዩነት አስረዳች። ጉልበቷ ያለችበት ቦታ ዘገምተኛው ሰዓት እስኪመታ ድረስ ጋላክሲው ምን ያህል ብረት አጠራቅሞ እንደነበር ይነግራል። በእኛ ጋላክሲ፣ በፍኖተ ሐሊብ፣ የብረቱ መጠን የፀሐይን አንድ አሥረኛ ገደማ ሲደርስ ትታያለች። በዙሪያችን ባሉ ድንክ ጋላክሲዎች ግን ብረቱ ከዚያም እጅግ ጥቂት ሳለ ትመጣለች፤ በዝግታ ስለሠሩ፣ ያመረቱትንም ስላልያዙት ነው።

ከዚህ ንባብ የተገኘውን አንድ ፍሬ ልጥቀስ። በ2010 እ.ኤ.አ. ፖል ኒሰንና ዊሊያም ሹስተር በፀሐይ አካባቢ የሚያልፉ የጋላክሲያችን ጥንታውያን ከዋክብትን በጥንቃቄ ለክተው አንድ እንግዳ ነገር አገኙ። እኩል ብረት ያላቸው ከዋክብት በማግኒዝየም ምጥጥናቸው በሁለት ረድፍ ተከፈሉ፤ ዝቅ ያለው ረድፍ ከውጭ በመጡ ከዋክብት እንደ ተሠራ ገመቱ። በ2018 እ.ኤ.አ. የጋያ መንኮራኩር የከዋክብቱን እንቅስቃሴ ሲያቀርብ ግምቱ ተጠናከረ፤ እነዚያ ከዋክብት ከ10 ቢሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ፍኖተ ሐሊብ የዋጠችው ጋላክሲ ቅሪት ናቸው። ስሙን ጋያ ኤንሰላደስ ብለውታል። ድምዳሜው የቆመው ምጥጥኑ ብቻውን ስለተናገረ አይደለም። እንቅስቃሴው ሁለተኛ ምስክር ሆኖ ስለ ቆመ ነው።

ስለ ምስክር ካነሣን ወደ ሐይቁ እንውረድ።

የአገሬው ሰው ሎጎ የሚለው ይህ ሐይቅ በምድር ላይ የሚታይ መውጫ የለውም። ጅረቶች ይገቡበታል፤ ከፍ ብሎ ከሚገኘው ከሐርዲቦ ሐይቅም ሲሞላ ውሃ ይወርድለታል፤ ከገጹ የሚወጣው ግን በትነት ነው። በትነት ጊዜ ቀለል ያለው ኦክስጅን፣ 16 የሚባለው፣ ቀድሞ ይሄዳል፤ ከ500 የኦክስጅን አቶሞች መካከል አንዱ የሚሆነው ከባዱ፣ 18 የሚባለው፣ ወደ ኋላ ይቀራል። ድርቅ ሲበረታ በውሃው ውስጥ የከባዱ ምጥጥን ይጨምራል። ከውሃው ውስጥ የሚፈጠረው የኖራ ብናኝ ያንን ምጥጥን ይዞ ወደ ታች ይዘቅጣል፤ በየዓመቱ ደለል ላይ ደለል ይደረባል። ሄንሪ ላምብ፣ ሜላኒ ሌንግ፣ ሪቻርድ ቴልፎርድ፣ ተናለም አየነውና መሐመድ ዑመር ከዚህ ሐይቅ ወለል በወጣ ደለል የ2,000 ዓመት ያህል የኦክስጅንና የካርቦን አይሶቶፕ ታሪክ አንብበው በ2007 እ.ኤ.አ. «ዘ ሆሎሲን» በተባለው መጽሔት አሳትመዋል። የእኛ ሙያ ከዚህ ሥራ የሚማረው ብዙ ነው።

አንደኛው ትምህርት ይህ ነው። የኦክስጅኑ ምጥጥን ከፍ ሲል ድርቅ ነበር ለማለት እንቸኩላለን። ሆኖም የዝናቡ ምንጭ ቢለወጥም ምጥጥኑ ይለወጣል፤ ኖራው ሲፈጠር የነበረው የውሃ ሙቀትም ይነካዋል። ስለዚህ ተመራማሪው ሁለተኛ ምጥጥን ይጨምራል። የኦክስጅንና የካርቦን ምጥጥኖች አብረው ከፍና ዝቅ ሲሉ ውሃው በገንዳው ውስጥ ረጅም ጊዜ እንደ ቆየ፣ ማለትም ሐይቁ ዝግ እንደ ነበር የታወቀ ምልክት ነው። ከቤተ ሙከራ ውጭ ያለ ምስክርም አይናቅም። ከ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዓ ጀምሮ የትምህርት ማዕከል የነበረው የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም የቆመባት መሬት ቀድሞ ደሴት ነበረች፤ ዛሬ በየብስ አንገት ከዳሩ ጋር ተያይዛለች። ውሃው መውረዱን ለማወቅ እዚህ ላይ አይሶቶፕ አያሻም።

ሁለተኛው ትምህርት «ዝግ» ስለሚባለው ነገር ነው። መውጫ የሌለው ገንዳ ጨው ሊያጠራቅም ይገባዋል። ሎጎ ግን ዓሣ የሚሰገርበት ጣፋጭ ውሃ ነው። እንግዲያስ ወይ በምድር ሥር የሚሾልክ አለ፣ ወይም ዝግ ሆኖ የቆየው እንደምናስበው ለረጅም ጊዜ አይደለም። የጋላክሲ ኬሚስትሪም በዚሁ ጥያቄ ተፈትኗል። ጋላክሲን ምንም የማይገባበትና የማይወጣበት ዝግ ሣጥን አድርገን ብናሰላ በፀሐይ አካባቢ ብረት አልባ የሚባሉ ከዋክብት ብዙ መሆን ነበረባቸው። ሲድኒ ቫን ደን በርግና ማርተን ሽሚት በ1960ዎቹ መጀመሪያ እንዳሳዩት ግን ቁጥራቸው ከተሰላው እጅግ ያንሳል። የተለመደው መፍትሔ ጋላክሲው ከውጭ አዲስ ጋዝ በየጊዜው ይቀበላል የሚል ነው። ሣጥኑ ዝግ አልነበረም ማለት ነው።

ሦስተኛው ትምህርት፣ እኔ ከሁሉም የምወደው፣ በክረምት ሐይቁ ሲሞላ ይታያል። የዝናብ ውሃ ሲገባ በአንድ ሊትር ውስጥ ያለው የሶዲየም መጠን ይቀንሳል፤ የክሎራይዱም እንዲሁ። ሶዲየም ለክሎራይድ ያለው ምጥጥን ግን ባለበት ይቆያል፤ ዝናቡ ሁለቱንም እኩል ያቀጥናልና። በጋላክሲም ንጹሕ ጋዝ ከውጭ ሲገባ ኦክስጅን ለሃይድሮጅን ያለው ምጥጥን ይወርዳል፤ ናይትሮጅን ለኦክስጅን ያለው ግን አይነካም። አንድ ጋላክሲ ኦክስጅኑ ዝቅ ብሎ ናይትሮጅን ለኦክስጅን ያለው ምጥጥን ከፍ ያለ ከሆነ፣ ያረጀና በቅርቡ ውሃ የተጨመረበት ሐይቅ ነው ብሎ መጠርጠር ይገባል። ኦክስጅኑን ብቻ ያየ ሰው ወጣት ነው ብሎ ያልፈዋል።

አራተኛው ደግሞ ወጥመድ ነው። በሐይቁ ውስጥ ኖራ ሲፈጠር ካልሲየም ይወሰዳል፤ ማግኒዝየም በአመዛኙ በውሃው ውስጥ ይቀራል። ስለዚህ አንዲት ጠብታ ማግኒዝየም ሳይጨመር በውሃው ውስጥ ማግኒዝየም ለካልሲየም ያለው ምጥጥን ይጨምራል። ላዕሉ ሳይነካ ታህቱ ዘቀጠ። በከዋክብት መካከል ባለው ጋዝም ብረት እንዲሁ ይዘቅጣል፤ በፍኖተ ሐሊብ ከዘጠኝ አሥረኛ በላይ የሚሆነው የጋዙ ብረት በአቧራ ቅንጣቶች ውስጥ ታስሯል። ጋዙን ብቻ የለካ ሰው ኦክስጅን ለብረት ያለው ምጥጥን እጅግ ከፍ ብሎ ያገኘዋል፤ ፈጣኑ ሰዓት ብቻ የሠራበት የልጅነት ዘመን ነው ብሎም ይደመድማል። ለዚህ ነው በሩቅ ጋዝ ላይ የሚሠሩ ሰዎች በብረት ፈንታ ወደ አቧራ የማይቸኩለውን ዚንክን የሚለኩት።

እስቲ ከአምባሰል ገደሎች አንድ ጥቁር ድንጋይ አንሡ። ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የሰሜን ኢትዮጵያን ደጋ ያለበሰው የባዛልት ጎርፍ ክፍል ነው። የተለመደ ባዛልት ከክብደቱ ግማሽ ሊሞላ ጥቂት የሚቀረው ኦክስጅን ነው፤ አንድ አሥረኛ ያህሉ ብረት። በክብደት ኦክስጅን ለብረት ያለው ምጥጥን ከ4 እስከ 5 ይሆናል። በፀሐይ ደግሞ በክብደት 4.4 ያህል ነው። እጅግ ይቀራረባሉ! ታዲያ ድንጋዩ የፀሐይን ቅንብር ጠብቋል እንበል? ከቶ አይደለም። ፕላኔታችን ስትሠራ ከአካባቢው ኦክስጅን አብዛኛው በጋዝ መልክ አመለጠ፤ ከብረቱ ደግሞ አብዛኛው ወደ ምድር እምብርት ወረደ። ላዕሉም ታህቱም ተቀነሱ፤ ውጤቱ በአጋጣሚ ተመሳሰለ። አንድ ተማሪ ምጥጥን ብቻ ይዞ ወደ እኔ ሲመጣ ይህን ድንጋይ አስቀድሜ አሳየዋለሁ።

በተጨማሪ፣ ታህቱ ጨርሶ የማይታይበት ጊዜም አለ። በ2014 እ.ኤ.አ. በአውስትራሊያ የስካይማፐር ቴሌስኮፕ አማካይነት የታወቀ አንድ ኮከብ ካርቦን፣ ማግኒዝየምና ካልሲየም ሲታዩበት ከብረት መስመር አንድም አልተገኘበትም፤ ብረቱ ከፀሐይ ብረት ከአሥር ሚሊዮን እጅ አንዱን እንኳ አይሞላም። ካርቦን ለብረት ያለው ምጥጥን ስንት ነው ቢባል «ቢያንስ ይህን ያህል» ከማለት በቀር የሚሰጥ ቁጥር የለም። በሰንጠረዥ ላይ ግን እንዲህ ያለው ቁጥር ከሌሎቹ ጋር ተሰልፎ ሲታይ እንደ ልኬት ይቆጠራል። ሰንጠረዡን የሚያወርድ ሰው ከቁጥሩ አጠገብ ያለችውን ትንሽ ምልክት ይመልከት።

ይህን የምለው ለእናንተ ሥራ ስለሚሆን ነው። በአገራችን በእንጦጦ ተራራ ላይ ባለ 1 ሜትር መስተዋት ሁለት ቴሌስኮፖች አሉ፤ በላሊበላ አካባቢ ባሉ ተራሮችም ለመመልከቻ የሚሆን ቦታ ሲጠና ቆይቷል። ነገር ግን የማስተርስ ተማሪ ዛሬውኑ ሊጀምር የሚችለው በነፃ ከሚገኙት ታላላቅ የስፔክትረም ዳሰሳዎች፣ ከአፖጊ፣ ከጋላህና በ2022 እ.ኤ.አ. ከወጣው ከሦስተኛው የጋያ መረጃ ነው። በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ከዋክብት ምጥጥን እዚያ ተዘርግቷል። ፈተናውም እዚያው ነው። አፖጊ በኢንፍራሬድ ብርሃን ይለካል፤ ጋላህ በሚታየው ብርሃን። የሁለቱን ቁጥሮች በአንድ ሥዕል ላይ ደባልቆ ሁለት ረድፍ ያየ ሰው ሁለት የከዋክብት ነገድ ያገኘ ሊመስለው ይችላል፤ ያገኘው ግን ሁለት መለኪያዎችን ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በመጀመሪያ በሁለቱም ዳሰሳዎች የተለኩትን አንድ ዓይነት ከዋክብት ለይታችሁ አንዱን ከሌላው ቀንሱ። ልዩነቱ ከሙቀት ጋር ቢዘነብል ኮከቡ ሳይሆን ሞዴሉ ነው የሚናገረው። ግዙፍና ድንክ ከዋክብትንም አትቀላቅሉ። ባሪየም እጅግ የበዛበት ኮከብ ብታገኙ ጥንድ እንዳለው ጠይቁ፤ ብዙ ጊዜ ባሪየሙ ከሞተ ጓደኛው የወረሰው ነውና፤ ስለ ተወለደበት ጋዝ ምንም አይናገርም።

አሁን በእጃችን ባለ አንድ ያልተፈታ ነገር ላብቃ። በ2023 እ.ኤ.አ. የጄምስ ዌብ ቴሌስኮፕ ከታላቁ ፍንዳታ 430 ሚሊዮን ዓመት ያህል በኋላ የነበረን፣ ጂ ኤን ዚ 11 የሚባል ጋላክሲ ስፔክትረም አወጣ። በእንዲህ ዓይነት ወጣት ጋላክሲ ናይትሮጅን ጥቂት መሆን ይገባው ነበር፤ ከናይትሮጅን ምንጮች ዋነኞቹ ዘገምተኞች ናቸውና። የተነበበው ምጥጥን ግን ከፀሐይ 4 እጥፍ በላይ ነው። አንዳንዶች እጅግ ግዙፍ የሆኑ ከዋክብት በነፋሳቸው ያፈሰሱት ነው ይላሉ። ሌሎች የምናየው ብርሃን ከጋላክሲው ሁሉ ሳይሆን እጅግ ከታመቀች አንዲት ማዕዘን፣ ምናልባትም ከጥቁር ጉድጓድ አካባቢ የመጣ ነው ይላሉ፤ በሐይቅ ቋንቋ፣ የጠለቀው ባልዲ አንድ ምንጭ አፍ ላይ ነው እንደ ማለት። የመጀመሪያው እውነት ከሆነ ሂሊየምም አብሮ መብዛት አለበት። ሁለተኛው ከሆነ በዚያው ጋላክሲ ከሌላ ማዕዘን የሚወሰድ ስፔክትረም ዝቅ ያለ ምጥጥን ያሳያል። ሁለቱም ሊለኩ የሚችሉ ናቸው።